ስለ ትሬሲ ቻፕማን የመጀመሪያ አልበም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ አልበም በወሬ መሃል በተነሳ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች ያው ናቸው። አንዱ «ፋስት ካር የማን ዘፈን ነው?» ይላል። ሌላው «ሴትዮዋ የት ገባች?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የፍቅር አልበም አይደል እንዴ?» ብሎ ነገሩን ሁሉ ያበላሸዋል። እኔም ሰብሰብ አድርጌ መልሼያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አስተያየቱ የኔ ነው፤ ባንስማማም አንጣላም።

የትኛው አልበም ነው የሚወራው?

ስሙ ራሱ «ትሬሲ ቻፕማን» ነው። የመጀመሪያዋ ስለሆነ በራሷ ስም ወጣ። ኤሌክትራ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያ ኤፕሪል 5፣ 1988 ለገበያ አቀረበው፤ በኛ መጋቢት 1980 መሆኑ ነው። 11 ዘፈን አለው። የሁሉንም ግጥምና ዜማ የደረሰችው ራሷ ናት። ከዳር እስከ ዳር ቢሰማ 36 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንድ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያልቃል።

ሽፋኑን ያየ አይረሳውም። ቡናማ ቀለም የወረሰው ፎቶ ነው፤ አንገቷን ደፍታ ወደ ታች ታያለች። ፈገግታ የለም፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ የለም። በዚያ ዘመን አንዲት አዲስ ዘፋኝ በዚህ መልክ ስትቀርብ ነጋዴዎቹ ምን እንዳሉ መገመት አይከብድም።

ዘፋኟ ከየት መጣች?

በ1964 ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለደች። ያሳደጓት እናቷ ናቸው። ኑሮው የተመቸ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ገና የ3 ዓመት ልጅ ሳለች ዩኩሌሌ ገዙላት፤ ዩኩሌሌ ያቺ ባለ አራት ክሯ ትንሽ ጊታር ናት። 8 ዓመቷ ላይ ዋናውን ጊታር ጀመረች። ጊታር ያስመኛት ደግሞ «ሂ ሃው» የሚባል የካንትሪ፣ ማለትም የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ ኮነቲከት ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት ገባች። «ቶኪን ባውት ኤ ሬቮሉሽን»ን የጻፈችው እዚያ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለች ነው። የድሃ ልጅ ከሀብታም ልጆች ጋር ስትማር ብዙ ነገር ታያለች። ቀጥላ ቦስተን አጠገብ ባለው ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ ተማረች። በትርፍ ጊዜዋ ሃርቫርድ ስኩዌር አካባቢ መንገድ ዳር ቆማ ትዘፍን ነበር። የጊታሯን ሳጥን ከፍቶ አስቀምጦ መዝፈን፣ አላፊ አግዳሚው ሳንቲም ቢጥል ባይጥል።

እንዴት ተገኘች ታዲያ?

ብራያን ኮፕልማን የሚባል የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሥርዓት ላይ ተቃውሞ እያስተባበረ ነበር። ለሰልፉ የሚሆን ዘፋኝ ሲፈልግ ስሟን ነገሩት። ሄዶ ሰማት፣ ደነገጠ። አባቱ ቻርልስ ኮፕልማን ደግሞ ትልቅ የሙዚቃ አሳታሚ ነው። «አባቴ ሊረዳሽ ይችላል» ሲላት ብዙም አላጓጓትም። ሪከርድ የማውጣት ጉጉት ያደረባት ሰው አልነበረችም።

ልጁ ግን አልተዋትም። ትሬሲ በዩኒቨርሲቲው ሬዲዮ ጣቢያ ለደራሲነት መብት ማስከበሪያ ብላ ያስቀዳቻቸው ዘፈኖች እንዳሉ ይሰማል። ሄዶ አንዱን ቴፕ ቀስ አድርጎ ይገለብጥና ለአባቱ ይሰጣል። ቴፑ ላይ የነበረው «ቶኪን ባውት ኤ ሬቮሉሽን»፣ ያ የአብዮቱ ዘፈን ነበር። አባትየው ከሰሙ በኋላ ነገሩ ፈጠነ፤ ከኤሌክትራ ጋር ተፈራረመች። ሌብነት ነው ካላችሁ ሌብነት ነው፣ እኔ ግን ልጁን ይቅር ብየዋለሁ።

ፎልክ ነው ወይስ ፖፕ?

በአሠራሩ ፎልክ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ የሚተረክ ታሪክ። አሜሪካ ውስጥ ይህ መንገድ ዉዲ ገትሪን፣ ኦዴታን፣ ጆን ቤዝን፣ ቦብ ዲላንን አልፎ የመጣ ነው። ሰዎች ፎልክን የነጮች ነገር አድርገው ያዩታል፤ ጥቁሯን ዘፋኝ ኦዴታን የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

በሽያጩና በሬዲዮ ላይ በነበረው ቦታ ግን ፖፕ ሆኗል። ትልቁ የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ግራሚ ራሱ ሁለቱንም ነው ያደረገው። አልበሙን በዘመናዊ ፎልክ ዘርፍ ሸለመው፣ «ፋስት ካር»ን ደግሞ በሴት ፖፕ ድምፅ።

ያኔ የሙዚቃው ገበያ ምን ይመስል ነበር?

1988 የሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ዘመን ነው። ማይክል ጃክሰን «ባድ»ን፣ ጆርጅ ማይክል «ፌይዝ»ን ይዘው ዓለምን ሞልተውታል። በሌላ በኩል ፀጉረ ረጃጅም የሮክ ቡድኖች አሉ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል በአንድ ጊታር ስለ ሥራ አጥነት የምትዘፍን ወጣት ጥቁር ሴት ማንም አልጠበቀም። ትንሽ በር የከፈተችው ሱዛን ቬጋ ናት። በ1987 «ሉካ» በተባለው ዘፈኗ ስለሚደበደብ ልጅ ዘፍና ተወዳጅ ሆናለች። የሪከርድ ኩባንያዎች «አሃ፣ ይሄም ይሸጣል ማለት ነው» ማለት የጀመሩት በዚያ ሰሞን ነው።

አልበሙ እንዴት ተቀረጸ?

ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ከርሸንባውም ነው፣ ቦታው ሆሊውድ ውስጥ ያለ ስቱዲዮ። ከእሱ በፊት የተጠየቁ ፕሮዲውሰሮች ነበሩ፤ ሙዚቃው ከዘመኑ ጋር አይሄድም ብለው አልተቀበሉትም። ከርሸንባውም ግን አኩስቲክ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መሣሪያ ያልተሞላ ነገር መሥራት ይፈልግ ስለነበር ዘሎ ገባበት።

ዘዴው ቀላል ነው። ድምፅዋና ጊታሯ ፊት ይቀመጣሉ፣ ሌላው ሁሉ ከኋላ ይሰለፋል። ለቤዝና ለድራም ብዙ ተጫዋቾችን በእሷ ቅጂ ላይ እያጫወተ ሞከረ። በመጨረሻ ቤዙን ላሪ ክላይን፣ ድራሙን ዴኒ ፎንግሃይዘር ያዙት። በደንብ ስታዳምጡ ድራሙ ብዙ ቦታ ላይ የለም። ኪቦርዱም ቢሆን ጥግ ይዞ ነው የሚቆመው። አልበሙ ዛሬም ያላረጀው ለዚህ ይመስለኛል። የዚያ ዘመን ብዙ ሪከርድ በመጀመሪያው የድራም ምት ዕድሜው ይታወቃል፤ ይሄኛው ትናንት የተቀዳ ነው ቢባል ያምናሉ።

«ፋስት ካር» ስለምንድን ነው? የፍቅር ዘፈን ነው አይደል?

ይሄን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለምሰማ ትንሽ ልቆይበት።

ፍቅር አለበት። የፍቅር ዘፈን ግን አይደለም። ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትንሽ ብር ያጠራቀመች ልጅ አለች። አባቷ ይጠጣል፣ ሥራ የለውም፣ ሰውነቱም አልቋል። እናትየው የተሻለ ኑሮ ፈልጋ ጥላው ሄዳለች። እሱን የሚያይ ሰው ስላልነበረ ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ አስታማሚ ሆናለች። አሁን ፈጣን መኪና ያለው ልጅ አገኘች። ከዚህ ከተማ እንጥፋ፣ ሌላ ቦታ ሄደን እንጀምር ትለዋለች።

ይሄዳሉ። ግን ከተማው ላይ ልጁ ሥራ አያገኝም። እሷ ገበያ መደብር ውስጥ ሂሳብ ተቀባይ ትሆናለች። መጠለያ ነው የሚኖሩት። ዕድገት አገኛለሁ፣ ትልቅ ቤት እንገዛለን እያለች ትኖራለች። መጨረሻ ላይ ደህና ሥራ አላት፣ ሂሳቡን ሁሉ የምትከፍለው እሷ ናት። እሱ ግን መጠጥ ቤት ያመሻል፣ ከልጆቹ ይልቅ ጓደኞቹን ያያል። ማለትም አባቷን ነው ያገባችው። ዘፈኑ ይሄን በቀጥታ አይልም፤ ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ይላል።

አሁን አሠራሩን ተመልከቱ። ያቺ በጊታር የምትመላለስ አጭር ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብዙም ሳትለወጥ ትዞራለች፤ መኪና ተነድቶ ተነድቶ የትም የማይደርስ ይመስል። ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አዝማች የለም። ከዚያ ድራሙ ድንገት ይገባል፣ የመኪናው ፍጥነት፣ የከተማው መብራት፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ክንድ፣ ሰው የመሆን ስሜት ይመጣል። ደስ የሚለው ያ ብቻ ነው። እሱም ትዝታ ነው! አሁን እየሆነ ያለ ነገር አይደለም። ካፌ ውስጥ ሰው ሁሉ አብሮ የሚዘፍነው ይቺኑ ቦታ ስለሆነ ነው ዘፈኑ የደስታ የሚመስለው።

አንድ ነገር ደግሞ። መጀመሪያ ላይ የመሄድ ውሳኔው የሁለቱም ነው፤ አብረን እንወስን ትለዋለች። መጨረሻ ላይ መኪናህን ይዘህ ሂድ፣ ውሳኔው ያንተ ነው ትለዋለች። እሷ ቀረች። ልጆቹም እሷ ጋ ናቸው። 5 ደቂቃ በማይሞላ ዘፈን ውስጥ የአንድ ትዳር ዕድሜ አለቀ ማለት ነው።

ሌሎቹ ዘፈኖችስ?

«ቢሃይንድ ዘ ዎል» ለኔ የአልበሙ ከባዱ ዘፈን ነው። ጊታር እንኳ የለውም፣ ባዶ ድምፅ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት ሲደባደብ የምትሰማ ሴት ናት የምትተርከው። ፖሊስ ቢጠሩት ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ከመጣም የባልና የሚስት ጉዳይ ነው ብሎ ይሄዳል። ይሄን ለመረዳት አሜሪካ መኖር አያስፈልግም። ግድግዳው ስስ የሆነ ቤት የተከራየ ሁሉ ያውቀዋል።

«አክሮስ ዘ ላይንስ» ስለ ዘር ክፍፍል ነው። ከተማዋ ለሁለት ተከፍላለች፣ መስመሩን የሚሻገር የለም፣ አንዲት ጥቁር ልጅ ትጠቃለች፣ ረብሻ ይነሳል፤ በመጨረሻ ጥፋተኛ የምትባለው ልጅቷ ናት። «ማውንቴንስ ኦ ቲንግስ» ስለ ንብረት ነው፤ ድሃ ሰው ሀብታም ብሆን እያለ የሚያልመውን ሕልም ከውስጥ ሆና ትዘፍነዋለች፣ ሳታሾፍበት።

«ዋይ?» የሚለው ጥያቄዎችን ይደረድራል። ዓለምን የሚመግብ እህል እያለ ሕፃናት ለምን ይራባሉ ብሎ ይጀምራል። ኢትዮጵያን በስም አይጠራም። ግን የኛን የ77ቱን ረሃብ በቴሌቪዥን ያየ ዓለም ፊት ነው የተዘፈነው፣ እና የኛ ሰው ሲሰማው ጆሮው ቢቆም አይገርምም።

ከዚያ የፍቅሮቹ አሉ። «ቤቢ ካን አይ ሆልድ ዩ» ይቅርታ መጠየቅ ስለማይችል ሰው ነው። ብዙ ሰው ለሠርግ የሚያስመርጠው ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ቃሉን ያዳመጠ ሙሽራ አይመርጠውም። «ፎር ማይ ላቨር» ስለ ፍቅር የሚከፈል ዋጋ ነው። መዝጊያው «ፎር ዩ» ጸጥ ያለች አጭር ዘፈን ናት፤ ሰዎች ይዘሏታል፣ አትዝለሏት። «ሺዝ ጋት ኸር ቲኬት» ሬጌ ነገር ናት። ደህና ናት፣ ግን እሷ ባትኖር አልበሙ ብዙም አይጎድልበትም።

እንዴት ነው በአንድ ጊዜ ዓለም ያወቃት?

የማንዴላ ኮንሰርት ነው።

ጁን 11፣ 1988 ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም የኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ዓመት ልደት ኮንሰርት ተካሄደ። ማንዴላ ያኔ እስር ቤት ናቸው። ስታዲየሙ ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ ሰው አለ። ኮንሰርቱ በቀጥታ ወደ ብዙ አገሮች ይተላለፋል። ትሬሲ ከሰዓት በኋላ ወጥታ ጥቂት ዘፈን ተጫውታ ወረደች። አልበሟ ከወጣ 2 ወር ገደማ ነው፤ ጥሩ ተጨበጨበላት፣ አለቀ።

ማታ ስቲቪ ዎንደር ተራው ሊደርስ ሲል ጉድ ፈላ። የኪቦርዱ ሙዚቃ የተጫነበት ሃርድ ዲስክ የለም። ስቲቪ ያለ እሱ አልጫወትም ብሎ እያለቀሰ ወጣ። መድረኩ ባዶ ነው፣ ስርጭቱ ይቀጥላል፣ ሰው ይጠብቃል። አዘጋጆቹ ማን ቶሎ መውጣት ይችላል ብለው አሰቡ። ባንድ የማያስፈልጋት፣ ሽቦ የማይጎተትላት፣ ማስተካከያ የማትፈልግ ሰው ማን ናት? አንድ ጊታርና አንድ ማይክሮፎን ብቻ የሚበቃት።

እንደገና ወጣች። ብቻዋን። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጠብቀው ስቲቪን ነው፣ እየጮኸ ነው። «ፋስት ካር»ን ጀመረች። ቪዲዮውን ካገኛችሁት መጀመሪያ የሕዝቡን ጫጫታ አዳምጡት፣ ከዚያ እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ። እሷ አትንቀሳቀስም፣ «እንዴት ናችሁ ለንደን» የለም፣ ዘፈኑን ብቻ ትዘፍናለች። ቀጥላ «አክሮስ ዘ ላይንስ»ን ተጫወተች። ስቲቪም በኋላ ተመልሶ ተጫውቷል፤ በማግስቱ ሪከርድ ቤት የሄደው ሰው የጠየቀው ግን የእሷን ነው።

ለአፓርታይድ ተቃውሞ ዘፋኝ ሲፈለግ የተገኘች ልጅ፣ በማንዴላ ኮንሰርት ዓለም አወቃት። ልብ ወለድ ቢሆን በዛ ይባል ነበር።

ምን ያህል ተሸጠ? ስንተኛ ወጣ?

እንግሊዝ ውስጥ 1ኛ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ኦገስት 1988 መጨረሻ ላይ የቢልቦርድ አልበሞች ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። «ፋስት ካር» በነጠላ ዜማ 6ኛ ደርሳለች። «ቶኪን ባውት ኤ ሬቮሉሽን» ግን 75ኛ ላይ ነው የቆመችው፣ «ቤቢ ካን አይ ሆልድ ዩ» 48ኛ። አሜሪካ ላይ አልበሙ 6 ጊዜ ፕላቲነም ተብሏል፤ ፕላቲነም አንዱ 1 ሚሊዮን ቅጂ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ይነገራል።

ግራሚ ስንት ወሰደች?

በ1989 ሦስት። ምርጥ አዲስ አርቲስት፣ ምርጥ ዘመናዊ ፎልክ አልበም፣ እና በ«ፋስት ካር» ምርጥ የሴት ፖፕ ድምፅ። የዓመቱን አልበም የወሰደው የጆርጅ ማይክል «ፌይዝ» ነው። የዓመቱን ዘፈን ደግሞ የቦቢ ማክፈሪን «ዶንት ዎሪ ቢ ሃፒ»። ድህነትን የሚተርክ ዘፈን «አትጨነቅ፣ ደስ ይበልህ» በሚል ዘፈን ተሸነፈ። ምንም አልጨምርበትም።

እንግሊዞቹም በብሪት ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ዓለም አቀፍ ሴት ዘፋኝና ምርጥ አዲስ አርቲስት አድርገዋታል።

ተቺዎች ሁሉ ወደዱት?

አብዛኞቹ ወደዱት። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የ80ዎቹን ምርጥ 100 አልበሞች ሲመርጥ 10ኛ ላይ አስቀምጦታል። በ2020 ባወጣው የምንጊዜም 500 አልበሞች ዝርዝር 256ኛ ነው። አሜሪካን ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ2025 በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል።

ቅሬታም ነበር። አንደኛው፣ ፖለቲካው የዋህ ነው የሚል ነው። «ዋይ?»ን ብቻ ካያችሁት እውነት አላቸው፤ መልስ የሌለው ጥያቄ መደርደር ቀላል ነው። ግን ያው ሰው «ቢሃይንድ ዘ ዎል»ን ሰምቶ የዋህ ነው ቢል ጆሮውን መመርመር አለበት። እሷ ጥያቄ ስትጠይቅ ሳይሆን ታሪክ ስትነግር ነው የምትበልጠው፣ ደግነቱ አልበሙ ላይ ታሪኩ ይበዛል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። አድማጮቿ በአብዛኛው ነጮች ናቸው፣ የጥቁሮች ሬዲዮ አያጫውታትም፣ ስለ ጥቁሮች እየዘፈነች ለሌላ ሰው ነው የምትዘፍነው ተባለ። እኔ ጥፋቱን እሷ ላይ አላየውም። ሬዲዮ ጣቢያዎች ሙዚቃን በዘር ሳጥን ከፋፍለው አስቀምጠው ነበር፣ ጊታር የያዘች ጥቁር ሴት የሚያስገቡበት ሳጥን አልነበራቸውም። ስለ መስመር የዘፈነች ልጅ ራሷ መስመሩ ላይ ቀረች።

በ2023 ለምን እንደገና ተነሳ?

ሉክ ኮምብስ የሚባል የካንትሪ ዘፋኝ «ፋስት ካር»ን እንደገና ተጫወተው። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር መኪና ውስጥ ይሰማው የነበረ ዘፈን ነው። ቃሉን አልነካካውም፤ ሂሳብ ተቀባይዋ ሴት እንደሆነች ነው የዘፈነው፣ በሰፊ የካንትሪ ድምፅ። ዘፈኑ ቢልቦርድ ላይ 2ኛ ደረሰ፤ ከዋናው ይበልጣል ማለት ነው። በካንትሪ ሬዲዮ ሰንጠረዥ ደግሞ 1ኛ ሆነ። በዚህም ትሬሲ ብቻዋን በደረሰችው ዘፈን እዚያ አናት ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ኖቬምበር 2023 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱን ዘፈን ሽልማት ሰጣት፤ ይህን ሽልማት የወሰደ ጥቁር ደራሲ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ክርክሩም ተነሳ። ለካንትሪ ሬዲዮ የጥቁር ሴት ዘፈን የሚገባው ነጭ ወንድ ሲዘፍነው ብቻ ነው ወይ? ጥያቄው ትክክል ነው። ኮምብስን ግን አልወቅሰውም፤ አክብሮ ነው የሠራው፣ የደራሲነቱም ገንዘብ ለእሷ ነው የሚገባው። እና ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። ጊታር ያስመኛት የካንትሪ ፕሮግራም ነበር። ዘፈኑ ካንትሪ ውስጥ እንግዳ አይደለም፣ በሩ ነው የዘገየው።

ፌብሩዋሪ 4፣ 2024 ግራሚ ላይ ሁለቱ አብረው ተጫወቱት። መጀመሪያ የታየው ጊታሩ ላይ ያሉት ጣቶቿ ናቸው፣ ከዚያ ፊቷ፣ ፈገግ ብላ። አዳራሹ ተነሳ። እሷ ስትዘፍን ኮምብስን ተመልከቱት፤ አጠገቧ ቆሞ ቃሉን በከንፈሩ ብቻ ይከተላታል፣ እንደ ማንኛውም አድናቂ። በዚያው ሰሞን የ1988ቱ ቅጂ አይቲውንስ ላይ 1ኛ ወጣ።

ከኒኪ ሚናጅ ጋር ክስ ነበራት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ራፐሯ ኒኪ «ቤቢ ካን አይ ሆልድ ዩ»ን የተጠቀመ ዘፈን ሠራች፣ ፈቃድ ተጠየቀ፣ ትሬሲ እምቢ አለች። ዘፈኑ የኒኪ አልበም ላይ አልወጣም፤ ግን ሾልኮ ሬዲዮ ላይ ተጫወተ። በ2018 ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ስቱዲዮ ውስጥ መሞከሩ ብቻ ጥፋት አይደለም አለ፣ የስርጭቱ ጉዳይ ግን ሳይወሰን ቆየ። በ2021 መጀመሪያ በ450 ሺህ ዶላር ተዘጋ። ትሬሲ ዘፈኖቿን ቆርጦ ሌላ ዘፈን ውስጥ ለሚያስገባ ሰው አትሰጥም። ለኮምብስ ዓይነቱ፣ ዘፈኑን እንዳለ ለሚጫወት ሰው ግን የአሜሪካ ሕግ በሩ ክፍት ነው፤ ክፍያውን እስከከፈለ ድረስ።

አሁን የት ነው ያለችው? ለምን አትዘፍንም?

አለች፣ በሰላም ትኖራለች። የመጨረሻው የስቱዲዮ አልበሟ በ2008 ወጣ፣ በ2009 ዙር አድርጋ ከዚያ ወዲህ የኮንሰርት ጉዞ የለም። ድሮም ቃለ መጠይቅ የምትወድ ሰው አልነበረችም። አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች፤ በ2020 በአሜሪካ ምርጫ ዋዜማ ቴሌቪዥን ላይ የአብዮቱን ዘፈን ብቻዋን ተጫውታ ሄደች። በ2025 ደግሞ ይህ የመጀመሪያ አልበም በሸክላ እንደገና ሲታተም ሥራውን ራሷ ተከታትላለች።

ከዚህ በኋላ የትኛውን ልስማ?

መጀመሪያ ይሄኛውን በቅደም ተከተል ስሙት፣ ሳትቀላቅሉ። 4ኛው ላይ «ቢሃይንድ ዘ ዎል» ሲመጣ፣ ከእሱ ቀጥሎ ወዲያው «ቤቢ ካን አይ ሆልድ ዩ» መምጣቱን ልብ በሉ። ከባልየው ዱላ ወደ ይቅርታ መጠየቅ ወደማይችለው ሰው። ለየብቻ ስትሰሟቸው ይሄ አይታይም።

ከዚያ የ1989ኙን «ክሮስሮድስ» ይዝለሉ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም፣ ግን ይበልጥ ጨለም ያለ ነው፣ ለጀማሪ አይመችም። ለጀማሪ የ1995ቱን «ኒው ቢጊኒንግ» ነው የምመክረው። «ጊቭ ሚ ዋን ሪዝን» እዚያ ላይ ነው ያለው። ያቺ ብሉዝ አሜሪካ ላይ 3ኛ ደርሳለች። ከመቀረጿ ዓመታት በፊት፣ በ1989፣ ቴሌቪዥን ላይ ተጫውታት ነበር። ሁለቱን ቅጂ አገናኝታችሁ ስሙ፤ እኔ የቴሌቪዥኑን እመርጣለሁ።